መልስ ሳይመጣ

ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቆሞ ከቀረ ሃያ ደቂቃ አልፎታል፤ አቶ ቆይ ግን ገና የመጀመሪያውን ደረጃ እየወጣ ነበር። በግራ እጁ የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሏል፤ በቀኙ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

"ብቻህን እንዳትነካው" ይለዋል ኃላፊው። "ጓደኛህን ልኬዋለሁ፤ ግን ከከተማው ማዶ ነው፣ መንገዱም ተዘጋግቷል። ቢፈጥን ቢፈጥን አንድ ሰዓት።"

"እሺ።"

"ሰምተኸኛል? ሁለት ሰው ሳይሆን ፍሬን አይነካም። ካለፈው በኋላ ሌላ ጣጣ አንችልም።"

"ሰምቻለሁ" አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ኃላፊው "ካለፈው በኋላ" ያለው ክፉ አስቦ አልነበረም። ቢሆንም የቀሩትን ደረጃዎች የብረቱን መደገፊያ ይዞ ወጣ።

እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። አቶ ቆይ ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ አንድ ብሎን ለመፍታት ሦስት ጊዜ "ቆይ" ስለሚል። ቆይ፣ ማብሪያውን ልየው። ቆይ፣ ሽቦውን ልሞክረው። ቆይ፣ አንዴ ደግሜ ልለካው። ለሊፍት ጠጋኝ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። ላለፉት ዘጠኝ ወራት ግን ጠባይነቱ ቀርቶ በሽታ ሆኖበታል። ዘይት መቀባትና ማጽዳት ካልሆነ በቀር፣ ሰው የተያዘበት ሊፍት በተባለ ቁጥር ሰበብ እየፈጠረ ለሌላ ያሳልፋል፤ አንዴ ጥርሱን ያመዋል፣ አንዴ ቁልፉ ይጠፋበታል። ዛሬ ሰበብ አልተገኘም። በአቅራቢያው የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች የሊፍቱ በር ጋ ቆመው አገኛቸው። አንዷ ከአምስተኛው ፎቅ ክሊኒክ የወረደች ነርስ ናት። ሌላዋ የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ መወልወያዋን እንደ ዘበኛ ዱላ ይዛ በሩን ትጠብቃለች።

"ማነው ውስጥ ያለው?"

"አንዲት እናትና ልጃቸው" አለች ነርሷ። "እኛ ጋ ሊታከሙ እየመጡ መብራት ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ሊፍቱ ባለበት ቀረ። እሳቸው የሳንባ በሽተኛ ናቸው፤ ያለ ኦክስጅን አይሆንላቸውም። የያዙት ደግሞ ትንሿን ሲሊንደር ነው።"

"ምን ያህል ትቆይላቸዋለች?"

"ከቤት ሲነሱ ሙሉ ከነበረች ሌላ ሃያ ደቂቃ። ሙሉ ካልነበረች እኔ እንጃ። የኛው ትልቅ ነው፤ ከአልጋው ጋር የተያያዘ። ተሸክመው የሚያወርዱት አይደለም።"

ሃያ ደቂቃ። ጓደኛው በአንድ ሰዓት ነው የሚደርሰው። አቶ ቆይ ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነበት።

በቁልፉ የፎቁን በር ገርበብ አደረገው። የሊፍቱ ወለል ወገቡ ጋ ነው፤ ከወለሉ በታች እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ጨለማ። ከላይ የሊፍቱ የራሱ በር ተዘግቷል፤ ከበስተኋላው አንድ ሰው በመዳፉ ይደበድባል።

"ወንድሜ፣ ስማኝ! የሊፍት ሠራተኛ ነኝ!"

"እስካሁን የት ነበራችሁ? እናቴ ልትሞትብኝ ነው እኮ!"

"በሩን እንዳትነካ። ብትወጣ ከእግርህ ሥር ጉድጓድ ነው። ባላችሁበት ሆናችሁ በእጅ አወርዳችኋለሁ፤ አንድ ሜትር ብትሆን ነው።"

"መቼ?"

"አሁን።"

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ከሰውዬው ኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ የሚፈልግ ድምፅ። "ይሰናዳ... ልጄ... አታዋክበው።"

ቢሰናዳማ መልካም ነበር። አልተሰናዳም፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲሰናዳ ከርሞ አንድ ስንዝር ፈቅ አላለም። በሩን መልሶ ዘጋና ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረ። ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ሮጣ ወጥታለች።

"እህቴ፣ ድምፅሽ እንዴት ነው?"

"ድምፄ?" አለች ሴትየዋ። "አምስት ልጅ በዱላ ያሳደግሁ መሰለህ? በድምፅ ነው።"

"ደግ። እኔ ጣሪያው ላይ የማሽኑ ክፍል ውስጥ እሆናለሁ፤ ከዚያ ሆኜ ሊፍቱን አላየውም። አንቺ በሩ ላይ ባለችው በዚች መስታወት ታዪዋለሽ። ፍሬኑን ከመልቀቄ በፊት 'ልልቀቅ?' ብዬ ስጮህ፣ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ 'ልቀቅ!' ትያለሽ። ደህና ካልሆነ 'ያዝ!'። የሊፍቱ ወለል ከዚህኛው ወለል ጋር እኩል ሲሆንም 'ያዝ!' ነው። ሌላ ቃል የለም።"

"ልቀቅ፣ ያዝ። ይሄ ደግሞ ማንን ያቅተዋል! ዝም ካልሁስ?"

አቶ ቆይ የዕቃ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አነገተ።

"ዝም አትበይ" አላት። "ምንም ቢመጣ ዝም አትበይብኝ።"

ልቀቅና ያዝ የጋሼ ቃላት ናቸው። ጋሼ ሥራውን ያስተማሩት ሰው ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሊፍት የጠገኑ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው፣ ሲቆጡ ግን ምድር የምትጠብባቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ማሽኑ ጋ ሆኖ ሲሠራ፣ መልስ ካልመጣ ፍሬኑ አይነካም። ከማሽኑም ንቅንቅ አይባልም። "አንተ ዞር ስትል ሌላው መጥቶ ቢነካውስ? ከታች ያለሁት እኔ ነኝ!" ይሉ ነበር። ሕጉ መያዙን ለመፈተን አንዳንዴ ሆን ብለው ዝም ይላሉ። ትዕግሥቱ አልቆ የነካ፣ ወይም ቦታውን ለቆ "ጋሼ፣ ምነው?" ብሎ የወረደ፣ ለሳምንት መሳቂያ ነው የሚሆነው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ያልወደቀ አቶ ቆይ ብቻ ነበር፤ በዚህም በልቡ ይኮራል።

ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በሌላ ሕንፃ፣ ጋሼ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ሊፍቱ የሚሄድበትን ሐዲድ ዘይት ሲቀቡ፣ አቶ ቆይ ከላይ "ልልቀቅ?" አለ። መልስ አልመጣም። ደገመው፤ አልመጣም። ፈተናው መሰለው። "ጋሼ፣ ዛሬም አይሳካልዎትም!" ብሎ ጮኸ፤ እየሳቀ። ኋላ ሊፎክርበት ስለፈለገ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ሲወርድ ጋሼን ገመዱን ተደግፈው፣ የቀኝ እጅ ጓንታቸውን በጥርሳቸው ነክሰው አገኛቸው። ስልክ ለመደወል ጓንቱን ሊያወልቁ ነበር የፈለጉት። ትንፋሻቸው ገና ነበረች። ሆስፒታል ሳይደርሱ ቀረች።

ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው" አለ። ኃላፊው "ስንት ደቂቃ ቆየህ?" ሲለው፣ አቶ ቆይ "ሁለት" አለ። ወረቀቱም ላይ ሁለት ተብሎ ተጻፈ።

ይህ ብቻ ቢሆን ከራሱ ጋር ታግሎ ይኖር ይሆናል። የጋሼ ባለቤት ግን አሉ። እሱ እትዬ ይላቸዋል። ያን ቀን ጠዋት ጋሼ ክንዳቸው እንደከበዳቸው ነግረዋቸው፣ እትዬ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥተው፣ "ይለቅሃል፣ ሂድ" ብለው ሸኝተዋቸዋል። ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው። "እኔ ነኝ የገደልሁት። ክኒን ሰጥቼ የላክሁት እኔ ነኝ። አንተማ በሁለት ደቂቃ ደርሰህለት ነበር።" እሱም ሻዩን እያየ ዝም ይላል። የሚናገርበትን ቃል አሰናድቶ እንደሚመለስ ለራሱ እየማለ ይወጣል። አሁን አሁን መሄዱንም ትቶታል።

የማሽኑ ክፍል ይወብቃል፤ የሞቀ ቅባት ይሸታል። ዋናውን ማጥፊያ አጠፋና ቁልፍ አሠረበት። ሊፍቱን በእጅ የሚያንቀሳቅሰውን መዘውር በሞተሩ ዘንግ ላይ ገጠመው፤ የፍሬን ማንሻውን ብረት ከግድግዳው አውርዶ በቦታው ሰካው። ገመዶቹ በሚወርዱበት ቀዳዳ ላይ አጎንብሶ ጮኸ።

"ልልቀቅ?"

"ልቀቅ!" አለች ሴትየዋ፤ ጉድጓዱ ድምፅዋን አወፍሮ አመጣው። ከእሷ ኋላ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ሌላ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጥሎ "ልቀቅ!" አለ።

አቶ ቆይ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻውን ሲሠራ እንኳ፣ ከልማድ "ልልቀቅ?" ካለ ጋሼ ይመልሱለታል። ለማንም አልተናገረም። እብድ ነው ቢሉት ግድ አልነበረውም፤ የፈራው "ለምን ላንተ ብቻ?" ብለው እንዳይጠይቁት ነው።

ማንሻውን አነሳ፤ መዘውሩን በሌላ እጁ ገፋ። ገመዱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት አንድ ስንዝር ሄደ። ፍሬኑን መልሶ ያዘው።

"እንደገና እጠይቅሻለሁ!"

"ጠይቀኛ! የት እሄድብሃለሁ!"

ላቡን ጠረገና አጎነበሰ። "ልልቀቅ?"

ዝም።

"እህቴ! ልልቀቅ?"

ከታች አንዳች ነገር ተንኳኳ፤ ከዚያ ምንም የለም። ክፍሉ፣ ሽታው፣ በገመዶቹ መሃል የሚመጣው ነፋስ፣ ሁሉ ያው ነው፤ ያቺ ቀን መጥታ ከጎኑ የቆመች መሰለው። ሰዓቱን አየ። ደግሞ ለምን እንዳየ ገባውና ዓይኑን ነቀለ።

ያን ጊዜ ጉሮሮ ተጠረገ። "ልቀቅ!" አሉ ጋሼ። ብቻቸውን። ከመቼውም ይልቅ ጥርት ብለው። "ልቀቅ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ሰው እየሞተ!"

እጁ ማንሻውን ማንሳት ጀምሮ ነበር። ያስቆመው ጀግንነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ይህ ድምፅ ስለ ሦስተኛው ፎቅ ምን ያውቃል? በመስታወቱ አላየ፤ ከበሩ አልቆመ። መልቀቅ አይቻልም። መጠበቅስ? ጠብቅ፣ ንቅንቅ እንዳትል የሚለው ሕግ የጋሼ ነው። ልቀቅ የሚለውም ድምፅ የጋሼ ነው። በሁለቱ መሃል ተይዞ፣ ሃያው ደቂቃ እያለቀ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት በእርግጥ የሚነግረው ሰው እንደሌለ አወቀ።

የፍሬን ማንሻውን ብረት ከቦታው ነቅሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወጣ። ብረቱ ከሌለ ማንም መጥቶ ሊነካው አይችልም። አምስት ሴኮንድ አልፈጀበትም። ያኔም ይህንኑ ማድረግ ይችል ነበር፤ ብረቱን ነቅሎ መውረድ። ሐሳቡ ደረጃው ላይ ያዘውና አቃሰተ፤ እግሩ ግን አልቆመም።

ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ የፎቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰውዬው የሊፍቱን በር በጉልበቱ ፈልቅቆ፣ የፎቁንም መቆለፊያ ከውስጥ አግኝቶታል። በሆዱ ተኝቶ እግሩን አስቀድሞ እየወረደ ነበር። አንደኛው እግሩ ወለሉን ስቶ ከሊፍቱ ሥር ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሌላኛውን የጽዳት ሠራተኛዋ በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ ፊቷን ጉልበቱ ላይ ቀብራ ወደ ላይ ትገፋለች። እንኳን "ያዝ" ልትል መተንፈስም አልቻለች። ሊፍቱ አንድ ስንዝር ቢወርድ ኖሮ ያ እግር እዚያው ይቀር ነበር።

አቶ ቆይ ብረቱን ጥሎ የሰውዬውን ወገብ ከሥር ያዘ። "ግፊ!" አላት። ሁለቱ ተጋግዘው መልሰው ወደ ውስጥ ወረወሩት።

"ሰውዬ፣ አልነገርሁህም?"

"ሲሊንደሩ አለቀ!" ሰውዬው ወለሉ ላይ እንደወደቀ ያለቅሳል። "ድምፁ ቀረ። እርዳታ ልጠራ ነው የወጣሁት፣ ምን ላድርግ!"

ከኋላው አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው ግን አቶ ቆይን እያየ ነበር፤ አይለምንም፣ አይቆጣም፣ ብቻ ያያል።

"አሁን እናትህን አቅፈህ ቁጭ በል" አለው። "ቀና አድርገህ ያዛቸው። በሩን አትንካ። ሁለት ደቂቃ ስጠኝ።"

"ሁለት ደቂቃ በእውነት?"

"በእውነት" አለ፤ ቁጥሩ አፉን እያቃጠለው። በሮቹን ዘጋና ለሴትየዋ "ሁለተኛ ከከፈተው ጣቱን በመወልወያው በይው" አላት።

"ጣቱን ብቻ?" አለች እያለከለከች።

ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። ብረቱን ሲሰካ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስኪቆም ቢጠብቅ አይቆምም። "ልልቀቅ?" "ልቀቅ!" የጋሼም ድምፅ መጣ፤ እሱ ግን ያደመጠው የሴትየዋን ነው። መዘውሩን በደረቱ ጭምር ገፋው። አንድ ስንዝር፣ ሁለት፣ ሦስት። "ልልቀቅ?" "ልቀቅ!" ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። "ልልቀቅ?" "ልቀቅ! ትንሽ ናት! ትንሽ... ያዝ! ያዝ! ደረሰች!"

ሲወርድ ሰውዬው እናቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ አምስተኛው ፎቅ እየወጣ አገኘው፤ ነርሷ ወንበሩን ትታ ከፊቱ ትሮጣለች። ለማመስገን ጊዜ አልነበረም፤ አቶ ቆይም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ከላይ በመደገፊያው አንገቷን አውጥታ "ተነፈሱ! ከንፈራቸው ተመለሰ!" ብላ ጮኸች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ክንዷን ታሻለች። የሰውዬው ጫማ ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል።

"ዝም ካልሁስ ብዬህ አልነበር?" አለችው።

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ እንዴት አወቅህ?"

"አላወቅሁም። ስላላወቅሁ ነው የወረድሁት።"

"ጎበዝ። ሌላው ቢሆን እዚያው ተገትሮ ልቀቅ እስክለው ይጠብቅ ነበር።"

ይህን ስትል ነው እንባው የመጣው። ከእሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና በቅባታም እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻው እየተነቀነቀ። ሴትየዋ ተነስታ የተወለወለውን ወለል መልሳ መወልወል ጀመረች።

ስልኩ ጮኸ፤ ኃላፊው ነው። ብቻውን መንካቱን ሰምቶ አንዴ ተቆጣ፣ አንዴ "እግዜር ይስጥህ" አለ፣ መልሶ ደግሞ ተቆጣ። አቶ ቆይ እስኪጨርስ ጠበቀው።

"ጓደኛዬ ሲመጣ ሊፍቱን ይረከበኝ። እኔ ፈቃድ እፈልጋለሁ።"

"ሂድ፣ ሂድ፣ ቤትህ ሄደህ ተኛ።"

"ቤቴ አይደለም። እትዬ ጋ ነው። ስመለስም ካንተ ጋር እንነጋገራለን፤ የዚያን ቀን ወረቀት አውጥተህ ጠብቀኝ።"

"ምን አገኘህ ዛሬ?" አለ ኃላፊው።

"ስመለስ እነግርሃለሁ።"

አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ከቅባቱ ሸሽተው አጠገቡ ያለውን ወንበር ባዶ ተዉለት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሊያሰናዳ ሞከረ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" ብሎ ጀመረ፤ አላማረውም። "እትዬ፣ ክኒኑ አይደለም" አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ሳይል ተወው። ከነገራቸው በኋላ ዳግመኛ ፊቱን ማየት ላይፈልጉ ይችላሉ። ከእናቱ ቀጥሎ በዓለም ላይ "ልጄ" የሚለው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። መውረጃው ደረሰ። አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይኖረው ወረደ።

እትዬ በሩን የከፈቱት ያልታጠፈ አንሶላ ክንዳቸው ላይ እንደያዙ ነው።

"ውይ ልጄ! ምነው በሥራ ቀን? ምን ሆነህ ነው፣ ቅባት በቅባት?"

"ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

"ወሮች አለፉ እኮ! እኔ ተቀየመኝ ብዬ... ደግሞ ብትቀየመኝ አልፈርድብህ፤ እኔ ነኝ የላክሁት።" ዓይናቸው ወዲያው እንባ አቀረረ። ወደ ውስጥ እየገቡ ወንበሩን በአንሶላው ጫፍ ጠረጉለት። "ና፣ ግባ። ሻይ ጥጄልህ እናወራለን።"

"እትዬ፣ ሻዩ ይቅር።"

"እንግዲያው ቁጭ በል። ቆሞ የሚያወራ እንግዳ አልወድም።"

ወንበሩን አየው። ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ነው።

"ከተቀመጥሁ አልናገረውም" አላቸው፤ በሩ ላይ እንደቆመም ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ጀመረ።